ካሳ የሚያበስር ኢ-ሜይል ሲደርሰን ምን እንመርምር?

በአሜሪካ የምትኖር አንዲት ዘመዳችን ሁለት ኢ-ሜይሎችን ልካልን «የቱ ነው እውነተኛው?» ስትል ጠየቀችን። ሁለቱም በአንድ ኩባንያ ላይ ከቀረበ የጋራ ክስ የካሳ ገንዘብ እንደሚደርሳት ያበስራሉ። አንደኛው በአርማና በማኅተም ያሸበረቀ፣ አጭርና ግልጽ ነው። ሁለተኛው ረጅምና ደረቅ ሲሆን የላኪውን ስም ሰምታው አታውቅም። እርሷም የመጀመሪያውን ልታምን፣ ሁለተኛውን ልታጠፋ ተዘጋጅታ ነበር። ፍርዱን ለጊዜው እናቆየውና መመርመሪያ መንገዶቹን እንመልከት።

ጉዳዩን አስቸጋሪ የሚያደርገው እንዲህ ያለው ገንዘብ በእርግጥ መኖሩ ነው። በአሜሪካ ሕግ ጥቂት ከሳሾች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተጎጂዎችን ወክለው ሊከራከሩ ይችላሉ። ስምምነት ሲደረስም ማስታወቂያው ክስ መኖሩን እንኳ ላልሰማ ሰው ይላካል፤ የሚልከውም ብዙውን ጊዜ ለዚሁ ሥራ የተሰየመ ሌላ ድርጅት ነው። ስለዚህ «ይህን ላኪ አላውቀውም» ማለት ብቻውን መልእክቱ ሐሰት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

የመጀመሪያው መመርመሪያ ስሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢኪውፋክስ ከተባለው የብድር ታሪክ መዝጋቢ ኩባንያ የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ተሰረቀ። በ2019 በተደረሰው ስምምነት ለተጎጂዎች እስከ 425 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። ይህ ለሁሉም እኩል ቢካፈል ለአንድ ሰው 3 ዶላር እንኳ አይሞላም። ከፍተኛው ክፍያ፣ ማለትም እስከ 20,000 ዶላር፣ የታሰበው ጉዳቱን በማስረጃ ለሚያቀርብ ሰው ነበር። አማራጭ ሆኖ ለቀረበው የ125 ዶላር ክፍያ የተያዘው ደግሞ 31 ሚሊዮን ነው። ሲካፈል ለ248,000 ሰዎች ብቻ ይበቃል። ጠያቂው በመብዛቱም የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው እጅግ ያነሰ እንደሚሆን ወዲያው አስታወቀ። እንግዲህ ያለ ማስረጃ ለእያንዳንዱ ሰው በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያበስር መልእክት አጠራጣሪ ነው።

ሁለተኛው የላኪው ስም ነው። ጆናታን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1982 የጻፈው የኢ-ሜይል መላኪያ ደንብ የላኪን ማንነት ማረጋገጥን አይጠይቅም ነበር። ስለሆነም በላኪ ስም ቦታ የሚታየው ጽሑፍ በፖስታ ጀርባ እንደሚጻፍ ስም ነው፤ ማንም የፈለገውን ሊጽፍበት ይችላል። ኋላ የተጨመሩት ማረጋገጫዎች መልእክቱ ከየትኛው አድራሻ እንደተነሣ ይጠቁማሉ እንጂ የአድራሻው ባለቤት ታማኝ መሆኑን አይመሰክሩም።

ሦስተኛው የድረ ገጹ አድራሻ ነው። አድራሻውን እስከ መጀመሪያው ነጠላ እዝባር ድረስ ወስደን ከቀኝ ወደ ግራ እናነባለን። ለምሳሌ «ፍርድቤት.ካሳክፍያ.ኮም» የሚል ቢሆን ባለቤቱ «ካሳክፍያ.ኮም»ን ያስመዘገበው ሰው ነው። «ፍርድቤት» የሚለውን ቃል ባለቤቱ እንዳሻው ሊቀጥለው ይችላል።

አራተኛውና ዋነኛው መልእክቱ የሚጠይቀን ነገር ነው። በእውነተኛ ስምምነት ካሳ ለመጠየቅ አይከፈልም። «ገንዘቡን ለመልቀቅ አስቀድመህ ይህን ያህል ክፈል» ከተባለ ምርመራው እዚያው ያበቃል።

በቤተ ሙከራ አንድን ውጤት በሌላ መሣሪያ ደግመን ሳንለካ አንቀበልም። እዚህም በመልእክቱ ውስጥ ያለውን ማገናኛ ሳንነካ የፍርድ ቤቱን ስምና የመዝገቡን ቁጥር ይዘን በራሳችን መንገድ እንፈልግ። የፍርድ ቤቱን ወይም የኮሚሽኑን አድራሻ ራሳችን እንጻፍ። በ2019 ኮሚሽኑ ስለ ሐሰተኛ የኢኪውፋክስ ካሳ ድረ ገጾች ሕዝቡን ማስጠንቀቁ ይህ ጥንቃቄ ከንቱ እንዳልሆነ ያሳያል።

ወደ ዘመዳችን እንመለስ። ያማረው መልእክት «የማስተላለፊያ» 45 ዶላር ይጠይቃል፤ የመዝገብ ቁጥር ግን የለውም። ደረቁ መልእክት የፍርድ ቤቱን ስም፣ የመዝገቡን ቁጥር፣ የማመልከቻውን የመጨረሻ ቀንና ስምምነቱን የመቃወም መብቷን ዘርዝሯል። ቁጥሩንም በፍርድ ቤቱ መዝገብ አገኘነው። ቀኑ ሊያልፍ አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

ውድ አንባቢ፣ በቤተሰብህ ውስጥ «እስቲ ይህን አንብብልኝ» የምትባለው አንተ ልትሆን ትችላለህ። ሐሰቱን ማመን ገንዘብ ያሳጣል፤ እውነቱን መጣልም መብት ያሳጣል። ስለዚህ የመልእክቱን መልክ አይተህ አትፍረድ፤ መርምርና ፍረድ።