የሚከራይ ቤት ዕድሳት፦ ዋጋው የረከሰ ዕቃ ሁሉ ወጪ ቆጣቢ አይደለም

ሐራ፦ ክረምት ሲወጣ በሐራ፣ በመርሳና በወልድያ ቤት የሚያከራዩ ባለንብረቶች ግቢያቸውን ዞረው መመልከት ይጀምራሉ። የአንዱ ቤት ምርግ ረግፏል፤ የሌላው ቆርቆሮ በምስማሩ ቀዳዳ ያፈስሳል፤ የሌላው ቋሚ ከሥሩ በምስጥ ተበልቷል። ተከራይ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ አከራይም የዓመት ገቢውን በአንድ ዕድሳት መጨረስ አይፈልግም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ "የትኛው ዕቃ ረከሰ?" የሚለው ሳይኾን "የትኛው ዕቃ ዋጋው ለሚያገለግልበት ዘመን ሲካፈል ያንሳል?" የሚለው ነው።

ዕድሳት የሚጀመረው የጉዳቱን ምክንያት ከመለየት ነው። በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ቤት ዋነኛ ጠላቱ ውኃ ነው። ውኃው ከላይ በሚያፈስስ ጣሪያ ወይም ከታች ከመሬት በሚወጣ እርጥበት ይገባል። ይህ ሳይዘጋ ግድግዳ መለሰንና ቀለም መቀባት ገንዘብን በውኃ ላይ እንደ መጻፍ ነው። ቅደም ተከተሉም ጣሪያ፣ የውኃ መውረጃ፣ የግድግዳ ሥር፣ ከዚያም ልስን፣ በመጨረሻም ቀለም ይኾናል።

ለጣሪያ የሚገዛ ቆርቆሮ ውፍረቱ በጌጅ ቁጥር ይገለጻል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ የጌጅ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። 35 ጌጅ ከ28 ጌጅ ይልቅ ስስ ነው። ስሱ ቆርቆሮ ሲገዛ ቢረክስም በነፋስ ይታጠፋል፣ በምስማሩ ዙሪያም ቶሎ ይሰፋል። ሙሉ ጣሪያ ለመቀየር አቅም የሌለው አከራይ የዛጉትን ብቻ በወፍራም ቆርቆሮ ተክቶ የላሉ ምስማሮችን ቢያስለውጥ ይመረጣል። የጣሪያው ጠርዝ ከግድግዳው ወጣ ብሎ እንዲቆይ ማድረግና አሸንዳ መግጠምም ምርጉን ከዝናብ ይጠብቃል።

ግድግዳን በተመለከተ በጭቃ ላይ ሲሚንቶ መለሰን ዘላቂ መስሎ ይታያል። ኾኖም ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ሲሚንቶ ግን አብሮት አይንቀሳቀስም። በመካከላቸው ክፍተት ሲፈጠር ልስኑ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል፤ ከውስጥ የቀረው እርጥበትም መውጫ አጥቶ እንጨቱን ያበሰብሳል። በዚህ ምክንያት ከጤፍ ጭድ ጋር በሚገባ የቦካ ጭቃና በላዩ የሚቀባ ኖራ ለጭቃ ቤት የተሻለ ጥምረት ነው። ውድ የኾነው ሲሚንቶ ውኃ ለሚነካው ቦታ፣ ማለትም ለወለል፣ ለመጸዳጃ ቤትና ከመሬት ከፍ ብሎ ለሚሠራው የድንጋይ መሠረት ቢውል ጥቅሙ ይጎላል።

ጊዜውም ወጪ ይቆጥባል። ጭድ የከብት መኖ ጭምር በመኾኑ በቀጣዮቹ ወራት ዋጋው ይወደዳል፤ ከውቂያ በኋላ ግን በቅርብ ይገኛል። ምርግም ከበልግ ዝናብ በፊት ለመድረቅ በቂ ጊዜ ያገኛል።

ምስጥን ለመከላከል የባሕር ዛፉን ቋሚ በቀጥታ መሬት ውስጥ ከመቅበር ይልቅ በድንጋይ መሠረት ላይ ማቆም ይመከራል። የተበላውን ቋሚ ብቻ ለይቶ መቀየር ቤቱን ከማፍረስ ያድናል። ለሰብል የተገዛ ፀረ ተባይ ኬሚካልን ሰው በሚያድርበት ክፍል መርጨት ግን ለጤና አደገኛ ስለኾነ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

እንደ ሐራ ባለ ሞቃታማ አካባቢ ኮርኒስ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ከቆርቆሮው የሚወርደውን ሙቀት ይቀንሳል፤ በጣሪያውና በኮርኒሱ መካከል አየር መውጫ ከተተወለት ደግሞ ይበልጥ ይረዳል። ለወለል ጥሩ ሊሾ ከሴራሚክ ይልቅ በዋጋ ዝቅ ያለና ሲሰነጠቅም ለመጠገን የሚቀል ነው።

ወጪው ከኪራዩ ጋር መመዛዘን ይኖርበታል። ለምሳሌ 24 ሺህ ብር ወጥቶበት የወር ኪራዩን በ400 ብር የሚጨምር ዕድሳት ወጪውን የሚመልሰው በ60 ወራት ነው። 9 ሺህ ብር ወጥቶበት 300 ብር የሚጨምረው ግን በ30 ወራት ይመልሳል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተፈጻሚ በሚኾንባቸው ከተሞች የውል ዘመን ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም፤ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ የዕድሳትን ወጪ በአንድ ጊዜ በተከራይ ላይ መጫን አይቻልም።

ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የተነደፈው 392 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመር በአካባቢው ተስፋ ፈጥሯል። ነገር ግን ባቡሩን ተስፋ አድርጎ ተበድሮ ከማደስ ዛሬ ተከራዩ ሊከፍል የሚችለውን ኪራይ መነሻ ማድረግ ይበጃል። የማያፈስስ ጣሪያ፣ ደረቅ ግድግዳና ንጹሕ መጸዳጃ ያለው ቤት ባቡሩ ቢዘገይም ተከራይ አያጣም።