የዓለም የአየር ንብረት ጥናትና የእኛ ማሳ

ለዛሪማና አካባቢዋ ሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

መግቢያ

ስለ አየር ንብረት ለውጥ በሬዲዮ የምንሰማው በአብዛኛው የመሪዎችን ስብሰባና የአገሮችን ስምምነት ነው። ጉዳዩ ግን ከእናንተ ውሳኔ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ማሽላውን መቼ እንዝራ? የትኛውን ዘር እንምረጥ? አፈራችንን ጎርፍ እንዳይወስድብን ምን እናድርግ? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው ምክር ብዙ አገሮች ተባብረው ከሠሩት ጥናት የሚመነጭ ነው። ያ ጥናት ደግሞ የሚጀምረው ከማሳ ነው።

የተከበራችሁ አርሶ አደር እናቶችና አባቶች፣ ይህን ጽሑፍ ስትጨርሱ የሚከተሉትን ማድረግ እንድትችሉ ይጠበቃል።

• የክረምት ትንበያ እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚነበብ ለጎረቤት ማስረዳት፤
• ስለ አፈርና ስለ ዘር ከተደረጉ የጋራ ጥናቶች ለማሳችሁ የሚጠቅመውን መለየት፤
• በማሳችሁ ላይ ሙከራ ሲካሄድ ትክክለኛ መረጃ መያዝና መብታችሁን መጠየቅ።

1. ለምን ትብብር አስፈለገ?

ደመና ድንበር አያውቅም። የክረምታችንን ዝናብ የሚያመጣው እርጥበት ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከአትላንቲክና ከኮንጎ ደኖች በኩል ተጉዞ የሚደርሰን ነው። ከእኛ እጅግ የራቀው የሰላማዊ ውቅያኖስ ውሃ እንኳ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ዝናባችንን ይነካዋል። ስለዚህ አንድ አገር የራሱን ሰማይ ብቻ እያየ ክረምቱን ሊተነብይ አይችልም። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ጣቢያዎች በየቀኑ የሚለኩት ዝናብና ሙቀት ለሌሎች አገሮች ይደርሳል፤ የእነሱም ለእኛ ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ1988 የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በጋራ አንድ የሳይንስ ጉባኤ አቋቋሙ። የጉባኤው ሥራ በየአገሩ የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስቦ፣ መርምሮና አስታርቆ ለመንግሥታት ማቅረብ ነው። በቅርቡ ያወጣው ሪፖርት እንደሚያሳየው የምድር ሙቀት ከ1850 እስከ 1900 (እ.ኤ.አ.) ከነበረው ጋር ሲነጻጸር ወደ 1.1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሯል።

1.1 ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ የሚሸከመው እርጥበት በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ውጤቱ በሁለት በኩል ይታያል። ዝናብ በሌለባቸው ቀናት አፈሩ ቶሎ ይደርቃል፤ ሲዘንብ ደግሞ በአጭር ጊዜ በኃይል ይወርዳል። የዓመቱ ድምር ሳይቀንስ ሰብል ሊጎዳ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

2. የክረምት ትንበያን እንዴት እናንብብ?

በየዓመቱ በግንቦት ወር ከክረምቱ በፊት፣ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ተገናኝተው የሰኔ እስከ መስከረምን ዝናብ ይተነብያሉ። ይህ ጉባኤ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ የሚያስተባብረው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል መቀመጫው ናይሮቢ ነው። የእኛም ኢንስቲትዩት ለአገራችን የሚሆነውን ትንበያ አዘጋጅቶ ያሰራጫል።

የወቅቱ ትንበያ «ይዘንባል» ወይም «አይዘንብም» አይልም። ሦስት ዕድሎችን ነው የሚሰጠው፤ እነሱም ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ እና ከመደበኛ በታች ናቸው። ለምሳሌ ትንበያው ለአካባቢያችን «ከመደበኛ በላይ 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20 በመቶ» ቢል ምን ማለት ነው? ብዙዎች «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው» ብለው ይደመድማሉ። ትክክለኛው ንባብ ግን እንዲህ ያለ ትንበያ ከተሰጠባቸው አሥር ክረምቶች በሁለቱ ዝናብ ሊያጥር ይችላል የሚል ነው። ዘንድሮ ከሁለቱ አንዱ አለመሆኑን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ትንበያው ጥሩ ቢሆንም ማሳን በሙሉ ረጅም ጊዜ በሚፈልግ ዘር መሸፈን፣ ያለውንም ገንዘብ በሙሉ ለግብዓት ማውጣት ተገቢ አይደለም። ትንበያው መጥፎ ሲሆንም ማሳን ጦም ማሳደር አይደለም መልሱ። ቶሎ የሚደርሰውን ዘር ድርሻ ማሳደግና ውሃ የሚይዝ እርከንን ማጠናከር ነው።

ይህ እውቀት ምን ያህል ክብደት እንዳለው የ2007 ዓ.ም. ክረምት አሳይቷል። በዚያ ዓመት የሰላማዊ ውቅያኖስ ውሃ ባልተለመደ ደረጃ ሞቆ ነበር። ይህ ኤልኒኖ የሚባለው ክስተት ሲጠነክር በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምቱ ዝናብ የመቀነስ ዝንባሌ አለው። በዚያ ክረምት ዝናቡ በብዙ አካባቢዎች ዘገየ፣ አጠረም፤ በአገር ደረጃም ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ አስፈለገው። የውቅያኖሱ መሞቅ ከወራት በፊት የሚታይ ምልክት ነው። ምልክቱ ጥቅም የሚሰጠው ግን ከመዝራቱ በፊት ወደ ገበሬው ሲደርስና በትክክል ሲነበብ ብቻ ነው።

ከወቅቱ ትንበያ በተጨማሪ በየአሥር ቀኑ የሚወጣ ትንበያ አለ። የወቅቱ ትንበያ ዘር ለመምረጥ ይረዳል፤ የአሥር ቀኑ ደግሞ የሚዘራበትን፣ የሚታረምበትንና ማዳበሪያ የሚጨመርበትን ቀን ለመወሰን ይጠቅማል። ሁለቱን አታምታቷቸው።

3. አፈር፦ ከሰሜን ተራሮች የተነሳ ጥናት

በአፈር መሸርሸር ላይ የተደረገው ትልቁ የጋራ ጥናት ሥሩ ከእኛው በላይ ባሉት የሰሜን ተራሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሐንስ ሁርኒ የተባሉ የስዊዘርላንድ የመልክዓ ምድር ሊቅ በዚያ የአፈሩን መሸርሸር ሲያጠኑ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ ግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ የምርምር ፕሮግራም ጀመሩ። ከምርምር ጣቢያዎቹ መካከል በወሎ ማይባር፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድና በጎጃም አንጀኒ ይገኙበታል። በእነዚህ ጣቢያዎች ዝናቡና ከማሳ የሚወጣው ጎርፍና አፈር ለዓመታት ተለካ።

ከዚህ ሥራ የወጣው ግምት እንዲህ ይላል፦ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ከሚታረስ መሬት በአማካይ በዓመት 42 ቶን አፈር ከአንድ ሄክታር ይታጠባል። ይህን ወደምናውቀው ልኬት እንለውጠው። ከሩብ ሄክታር 105 ኩንታል አፈር ማለት ነው። ከዚያው ሩብ ሄክታር የምትሰበስቡትን እህል ከዚህ ጋር አስተያዩት። የሚሄደው ደግሞ ፍግና ማዳበሪያ የለመደው የላይኛው አፈር ነው። ተፈጥሮ የምትተካው አፈር ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

ዛሪማ ከሊማሊሞ በታች ናት። ላይ የታጠበው አፈር በእኛ በኩል አልፎ በዛሪማ ወንዝ ወደ ተከዜ ይወርዳል። ስለዚህ የላይኛው ቀበሌ እርከን ሲፈርስ የታችኛው ቀበሌ ማሳ በደለልና በድንጋይ ይሞላል። ዝናቡ በኃይል መውረዱ እየጨመረ ሲሄድ ቀድሞ ይበቃ የነበረ እርከን ላይበቃ ይችላል። በዚህ ረገድ ሦስት ነገሮችን በየዓመቱ ከሰኔ በፊት አረጋግጡ፦

• እርከኑ ኮንቱሩን የጠበቀ መሆኑን፤ አንድ ቦታ ዝቅ ካለ ጎርፉ በሙሉ እዚያ ይሰበሰባልና፤
• ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቦይ መኖሩንና ወደ ጎረቤት ማሳ ያልተለቀቀ መሆኑን፤
• ያለፈው ዓመት ደለል ተጠርጎ እርከኑ መልሶ ከፍ መደረጉን።

4. ዘር፦ ከእኛ የሄደ፣ ወደ እኛ የተመለሰ

በዘር በኩል ኢትዮጵያ ተቀባይ ብቻ አይደለችም። ገብስን የሚያቀጭጨውን የቢጫ ድንክ በሽታ የሚቋቋም ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው፤ ያ ባሕርይም በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የሚዘራውን ገብስ ጠቅሟል። የአገራችን የዘር ባንክም የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን መንግሥት ድጋፍ ነው። ባንኩን ለረጅም ጊዜ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የአካባቢ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም እንዲጠበቅ ባደረጉት ጥረት እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ አቀንጭራ ነው። አቀንጭራ በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ ምግቡንና ውሃውን ይመጠምጣል። አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተኝቶ መቆየት ይችላል። የሚነቃው የማሽላ ሥር የሚያመነጨውን ኬሚካል ሲያገኝ ነው። በኦሎንኮሚ ተወልደው በጅማና በዓለማያ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ግንኙነት አጥንተው፣ ቀስቃሹን ኬሚካል በጣም ጥቂት የሚያመነጩ የማሽላ ዝርያዎችን አወጡ። ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1994 ወደ 12 የአፍሪካ አገሮች ተሰራጨ፤ በአገራችንም ጎቢዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች ተለቀቁ። ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ሆኖም ዘሩ ብቻውን አይበቃም። አቀንጭራው ሳያብብ መንቀል፣ ሰብል ማፈራረቅና የአፈር ለምነትን መጠበቅ አብረው መሄድ አለባቸው።

ሁለተኛው ምሳሌ ስለ ገበሬው ዓይን ነው። ከዘር ባንኩ የወጡ 400 የስንዴ ዓይነቶች በክልላችን ገረገራ፣ በትግራይ ደግሞ ሀገረ ሰላም ተዘሩ። በኢትዮጵያና በጣሊያን ተመራማሪዎች ትብብር የተመረጡ 60 አርሶ አደሮች፣ ግማሾቹ ሴቶች፣ እያንዳንዱን መደብ እየዞሩ ነጥብ ሰጡ። ለነዚያ አካባቢዎች ከተሻሻሉት ዝርያዎች የበለጡ የአካባቢ ዘሮች ተገኙ። ከዚያ ወዲህ የመጣው አሠራር ለእያንዳንዱ ገበሬ ስማቸው ያልተነገረ ሦስት ዝርያዎች ሰጥቶ «የትኛው በለጠ? የትኛው አነሰ?» ብሎ መጠየቅ ነው። በኢትዮጵያ፣ በሕንድና በኒካራጓ በዚህ መንገድ ከ12 ሺህ በላይ የሙከራ መደቦች ተሠርተው፣ የትኛው ዘር ለየትኛው የአየር ጠባይ እንደሚስማማ ለመለየት አስችለዋል።

5. መብትን ማወቅ

ትብብር ሁልጊዜ ፍትሐዊ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2005 የአገራችን ተቋማት ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር በጤፍ ላይ ስምምነት አደረጉ። ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ በአውሮፓ የፈጠራ መብት አወጣ፤ በኋላም ከሰረ። ኢትዮጵያ ከስምምነቱ የጠበቀችውን አላገኘችም። የፈጠራ መብቱን የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው ከ13 ዓመት በኋላ ነበር።

በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የአገር ዘርና ስለ ዘሩ ያለው የማኅበረሰብ እውቀት ያለ ፈቃድ አይወሰድም፤ ከጥቅሙም ማኅበረሰቡ ይካፈላል። ስለዚህ ማንም ሰው ለምርምር ዘር ቢጠይቃችሁ ፈቃዱን እዩ፤ ዘሩ ወዴት እንደሚሄድ፣ ውጤቱም መቼና እንዴት ወደ እናንተ እንደሚመለስ ጠይቁ። ከልማት ጣቢያችሁ ሠራተኛ ጋር ሳትመካከሩ አትስጡ።

6. የሞዴል አርሶ አደር ድርሻ

የእናንተ ትልቁ ድርሻ እውነተኛ ልኬት ነው። ሙከራ ሲመጣ ምርጡን መሬት መስጠት፣ ከሌላው ማሳ ፍግ ጨምሮ ማልማት፣ ጉብኝት ሲኖር ያማረውን ጥግ ብቻ ማሳየት የተለመደ ነው። የሚደረገውም በክፋት አይደለም፤ ሞዴል ተብሎ ማነስ ስለሚከብድ ነው። ጉዳቱ ግን ጎረቤት ላይ ይወድቃል። ለም መሬት ላይ 30 ኩንታል የሰጠ ዘር ጭንጫ መሬት ላለው ሰው ይመከራል፤ እሱም ባልጠበቀው ክረምት ባዶ እጁን ይቀራል። ያልበቀለው፣ የደረቀው፣ ወፍ የበላው መደብም መረጃ ነው። ያለ እሱ የትኛው ዘር ድርቅ እንደሚፈራ አይታወቅም።

ከዚህ ክረምት ጀምሮ የሚከተሉትን ተግብሩ።

ሀ. ዝናብ መለካት። ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ከቤትና ከዛፍ ርቆ፣ ቢያንስ የቁመታቸውን እጥፍ ያህል ተለይቶ ይቀመጥ። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የውሃውን ጥልቀት በማስመሪያ ለክታችሁ ጻፉና ድፉት። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ዝናብ ያልጣለበትን ቀንም «0» ብላችሁ መዝግቡ።

ለ. ምርት መለካት። ከማሳው ጥሩ፣ መካከለኛና ደካማ ቦታ ላይ እያንዳንዳቸው 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆኑ ሦስት መደቦች ለዩ። የደረቀውንና የተወቃውን እህል መዝናችሁ የሦስቱን አማካይ ውሰዱ። አማካዩን ኪሎ በ25 ስታባዙ በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሆነ ታገኛላችሁ። አማካዩ 1 ኪሎ ከሆነ 25 ኩንታል ማለት ነው።

ሐ. ሁለት ዘር ጎን ለጎን። አዲሱን ዘር በትንሽ መሬት፣ ከነባሩ ጋር በአንድ ቀንና በእኩል እንክብካቤ ዝሩ። ነባሩን ዘር ግን አትጣሉ። ከራሳችሁ ጎተራ ለዘር የሚሆነውን ለይታችሁ አስቀምጡ።

መ. ማካፈል። በየአሥር ቀኑ የደረሳችሁን ትንበያ ከነዕድሉ፣ ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ ለጎረቤቶቻችሁ ንገሩ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፉት አሥር ዓመታት በቀበሌያችሁ የትኛው የማሽላ ዘር ጠፋ? ለምን? አሁንም የያዘ ሰው አለ?
2. ትንበያው «ከመደበኛ በታች 50 በመቶ» ቢል የማሳችሁን ምን ያህል በየትኛው ዘር ትሸፍናላችሁ?
3. ከማሳችሁ በላይ ካለው ባለማሳ ጋር ስለ ጎርፍ መውጫ ተስማምታችኋል? ካልተስማማችሁ ከሰኔ በፊት ማን ያስማማችሁ?
4. በቀበሌያችሁ የተካሄደ ሙከራ ውጤቱ ተመልሶ ተነግሯችሁ ያውቃል? ካልተነገራችሁ በቀጣዩ ስብሰባ ጥያቄውን ይዛችሁ ቅረቡ።