መጋረጃችን ዓይንን ይከልክል፤ ነፋስን አይከልክል



ቤት ለሙስሊም ቤተሰብ ገመናው የሚሸፈንበት፣ ልጆቹ የሚታነጹበትና ከሰው ዓይን የሚያርፍበት ስፍራ ነው። ይህንን ክብር ለመጠበቅ ግን አንዳንድ ቤተሰቦች ቀላል የሚመስላቸውን መንገድ ይመርጣሉ። መስኮቱን ጨርሰው ይዘጉታል። በግራና፣ በመርሳና በሌሎችም የሀብሩ ቆላማ ቀበሌዎች በጠራራ ፀሐይ የእንጨት ወይም የቆርቆሮ መስኮቱ ተዘግቶ የሚውል ቤት ያጋጥማል። ከውጭ ለሚያይ ቤቱ የተከበረ ይመስላል። ውስጥ ያሉት ግን ቀኑን ሙሉ ከጓዳ የማትወጣው እናት፣ አራሷ እህትና በደብዛዛ ብርሃን ደብተሩን የሚያነበው ልጅ ናቸው። የቆርቆሮው ጣሪያ ሙቀት ከላይ፣ የምድጃው ጭስ ከታች እየመጣባቸው መውጫ የለውም።

ታዲያ ክብርንና ጤናን አንድ ላይ መጠበቅ አይቻልምን? ይቻላል። መንገዱም ውድ ዕቃ መግዛት ሳይሆን መጋረጃውን የትና እንዴት እንደምንሰቅለው አስቀድሞ ማሰብ ነው።

ክልከላው በዓይን ላይ ነው

በሐዲስ እንደተዘገበው፣ አንድ ሰው በቀዳዳ ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት ሲያጮልቅ ባገኙት ጊዜ ፈቃድ መጠየቅ የተደነገገው በዓይን ምክንያት መሆኑን አስተምረዋል። ወደ ሰው ቤት ሲሄዱም ከበሩ ፊት ለፊት ሳይሆን በቀኙ ወይም በግራው በኩል ይቆሙ ነበር። በዚያ ዘመን በሮቹ መጋረጃ አልነበራቸውምና።

ከዚህ የምንረዳው መከልከል ያለበት ዓይን እንጂ አየርና ብርሃን አለመሆኑን ነው። ጉዳዩ የእኛን ቤት ብቻ የሚመለከት አይደለም። መስኮታችን በጎረቤት ግቢ ላይ የሚከፈት ከሆነ መጋረጃው የእኛንም ዓይን ከጎረቤት ሐቅ ይጠብቃል።

ቀን የሸፈነ ማታ ሲያጋልጥ

ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። ስስ መጋረጃ የሚሰውረው ውጭው ከውስጡ ይበልጥ ብሩህ ሲሆን ነው። ቀን ላይ ከመንገድ የሚያልፍ ሰው የሚያየው የጨርቁን ንጣት ብቻ ነው። ማታ መብራት ሲበራ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ውጭው ይጨልማል፣ ውስጡ ይደምቃል፣ ያው ስስ መጋረጃም ቤቱን ለመንገደኛ ያሳያል። ከውስጥ ሆኖ ለሚመለከት ግን ውጭው ጨለማ ስለሆነ የሚታይ አይመስለውም።

በሱረቱ ኑር 58ኛው አንቀጽ ልጆች ሳይቀሩ ፈቃድ ጠይቀው እንዲገቡ የታዘዙባቸው ሦስት ጊዜያት ተጠቅሰዋል። እነሱም ከፈጅር ሶላት በፊት፣ በቀትር ልብስ በሚወልቅበት ሰዓትና ከዒሻ ሶላት በኋላ ናቸው። ልብ ብለን ካየን ከሦስቱ ሁለቱ ውጭው ጨልሞ ቤት ውስጥ መብራት የሚበራባቸው ሰዓታት ናቸው። ስስ መጋረጃ ብቻውን የማይበቃውም በእነዚህ ጊዜያት ነው።

ስለዚህ ለመኝታ ክፍል ድርብ መጋረጃ ይመረጣል። ስሱ ለቀን፣ ወፍራሙ ለሌሊት ይሆናል። ለሁለት የሚበቃ ገንዘብ ካልተገኘ ስሱ ይቅርና ወፍራሙ ይገዛ፤ ቀን ቀን ወደ ጎን ሰብስቦ ማሰር ይቻላል። መጋረጃው በቂ መሆኑን ለማወቅ ማታ መብራቱን አብርቶ፣ አንዱን ሰው ክፍል ውስጥ አቁሞ፣ ከቤተሰቡ ሌላው ወደ ውጭ ወጥቶ ይመልከት።

መስኮቱ ወዴት ይመለከታል?

ግራና ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህም ምክንያት ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ ትሆናለች። በታኅሣሥ እጅግ ዝቅ ባለችበት ጊዜ እንኳ በቀትር ከአድማስ 55 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። እንግዲህ 60 ሳንቲ ሜትር የወጣ የጣሪያ ክፈፍ ያለው ቤት በታኅሣሥ ቀትር በደቡብ ግድግዳው ላይ ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ጥላ ያገኛል። የሰሜኑ መስኮትማ በሰኔ ቀትር ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ ነው። ለእነዚህ ሁለት አቅጣጫዎች ቀን ላይ ስስ መጋረጃ ይበቃል።

አስቸጋሪዎቹ የምሥራቅና የምዕራብ መስኮቶች ናቸው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ያው ክፈፍ ግማሽ ሜትር እንኳ አያጠላም። ጨረሩ በቀጥታ ይገባል። በተለይ የምዕራቡ የከፋ ነው፤ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ሲግል ከዋለ በኋላ ይጨመርበታልና።

እዚህ ላይ የመጋረጃው ቦታ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። መስታወቱን አልፎ የገባ ጨረር ጨርቁን ያግላል፤ የጋለው ጨርቅም ሙቀቱን እዚያው ክፍል ውስጥ ይለቃል። ከመስኮቱ ውጭ የተንጠለጠለ መከለያ ግን ጨረሩን ገና ሳይገባ ይመልሰዋል። ለዚህ ከገበያ የሚገዛ ሰሌን ወይም ኬሻ ይበቃል። ከክፈፉ በታች፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል አርቆ ማንጠልጠል፣ አመሻሽ ላይም ጠቅልሎ ማሰር ነው። በመካከሉ ያለው ክፍተት ነፋስ ያሳልፋል።

ስለ ሰሜኑ መስኮት አንድ ነገር እንጨምር። መካ ከግራና ወደ ሰሜን ቀጥ ብላ ለማለት ይቻላል፤ በኬንትሮስ የሚለያዩት በጥቂቱ ነው። ስለዚህ በአካባቢያችን የሰሜኑ ግድግዳ የቂብላ ግድግዳ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሶላታቸው ላይ የሚያዘናጋቸውን ሥዕል ያለበት መጋረጃ እንዲነሳ ማዘዛቸው፣ እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ.) ሥዕል የነበረበትን መጋረጃ ቆርጠው ለትራስ ማዋላቸው ተዘግቧል። ስለሆነም ለዚህ መስኮት የሰውና የእንስሳ ሥዕል የሌለው፣ ቀለሙም የማይጮህ ጨርቅ እንምረጥ።

ሙሉ ወይስ ግማሽ?

ከመንገድ የሚያልፍ ሰው ዓይን ከመሬት 1 ሜትር ከ50 እስከ 1 ሜትር ከ70 ድረስ ይሆናል። መሬቱ ሜዳ ከሆነና ከቤቱ ወለል እኩል ከሆነ፣ ከመስኮቱ ደፍ ተነስቶ እስከ 1 ሜትር ከ90 የሚደርስ ግማሽ መጋረጃ ዓይንን ይከለክላል። የላይኛው ክፍል ክፍት ስለሚሆን ሞቃቱ አየርና ጭሱ በዚያ ይወጣል፤ ብርሃንም ይገባል። ለሳሎንና ለማብሰያ ክፍል ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ተዳፋት ላይ ለተሠራ ቤት ግን ይህ አይሠራም። ከበላይ ያለው ጎረቤት ከግማሹ በላይ አሻግሮ ያያልና። በዚያ በኩል ሙሉ መጋረጃ ያስፈልጋል። የውጭ በር ሲከፈት መኝታ ክፍሉ የሚታይ ከሆነም ከመስኮቱ በፊት የጓዳው በር መጋረጃ ይታሰብበት።

አካባቢው የወባ ስለሆነ መጋረጃ ወንፊትን እንደማይተካ መርሳት የለብንም። ወንፊቱ በመስኮቱ ፍሬም ላይ ተወጥሮ ይመታ፤ መጋረጃው ከውስጥ ይሁን። አጎበሩም እንዳለ ይቆይ።

ልኬትና አሰቃቀል

መጋረጃው በመስኮቱ ጉድጓድ ውስጥ ወይም ከጉድጓዱ ውጭ በግድግዳው ላይ ሊሰቀል ይችላል። ውስጥ የሚሰቀለው ጨርቅ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ዳርና ዳሩ ላይ ክፍተት ይተዋል፤ ወደ ውስጥ ለሚከፈት መስኮትም አይመችም። የጭቃ ቤት መስኮት ደግሞ ማዕዘኑ እኩል ላይሆን ስለሚችል ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ለክቶ ትንሹን መውሰድ ይገባል።

ለመኝታ ክፍል በግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ይሻላል። ዘንጉ በየጎኑ 20፣ ከመስኮቱ በላይም ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይለፍ። ለምሳሌ ወርዱ 1 ሜትር ለሆነ መስኮት 1 ሜትር ከ40 ዘንግ ያስፈልጋል። ጨርቁ ሽንሽን እንዲይዝ ከዘንጉ አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይሁን፤ ይኸውም ከ2 ሜትር ከ10 እስከ 2 ሜትር ከ80 ማለት ነው። ጥጥ ከሆነ ከመሰፋቱ በፊት ይታጠብ፤ አለበለዚያ ኋላ ተሰብስቦ ያጥራል።

በብሎኬት ግድግዳ ላይ በድሪል ተበስቶ ፊሸር ይገባል። በጭቃ ግድግዳ ላይ ግን ምርጉ ምስማር አይዝም። ግድግዳውን በጣት እያንኳኩ ቋሚውን እንጨት መፈለግ፣ በሁለት ቋሚዎች ላይ አንድ ጣውላ መምታት፣ ከዚያ የዘንጉን መያዣ በጣውላው ላይ ማሰር ነው። ልጆች ቢጎትቱት እንኳ አይወድቅም።

ስለ ልጆች ካነሳን፣ በየቢሮው የሚታየውን በገመድ የሚወርድና የሚወጣ መጋረጃ ለቤቱ የሚገዛ ቤተሰብ ይጠንቀቅ። የገመዱ ቀለበት አንገታቸው ላይ ገብቶ የሞቱ ሕፃናት በመኖራቸው በአሜሪካ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በመደብር ተዘጋጅተው የሚሸጡት ገመድ የሌላቸው ወይም ገመዳቸው ሕፃን የማይደርስበት እንዲሆኑ ደንብ ወጥቷል። ገመድ ያለው ከሆነ የሕፃኑ አልጋ ከሥሩ አይቀመጥ፤ ገመዱም ከፍ ብሎ ይታሰር። ኩራዝና ሻማም ከማንኛውም መጋረጃ ይራቁ።

ውድ አባቶችና ወንድሞች! ወጪው የአንድ ዘንግ፣ የጥቂት ሜትር ጨርቅና የአንድ ሰሌን ነው። በተዘጋው መስኮት ውስጥ የሚውሉት ግን እናቶቻችሁ፣ ሚስቶቻችሁና ልጆቻችሁ ናቸው። ወጣቶችም ሜትርና መዶሻ ይዛችሁ በዚህ ሳምንት ከአንዱ መስኮት ጀምሩ። አላህ (ሱ.ወ.) ገመናችንን ይሸፍንልን፤ ቤቶቻችንንም የሰላምና የዕረፍት ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።