የሚያጠራቅሙ ሥርዓቶች፦ ከይፋት የመስኖ ኩሬ እስከ ኦፕ አምፕ

ኢንተግሬተር የሚገባውን ነገር በጊዜ ውስጥ እያጠራቀመ የሚደምር ሥርዓት ነው። በማንኛውም ቅጽበት የሚታየው መጠን፣ እስከዚያ ድረስ የገባውና የወጣው ሁሉ የተጣራ ድምር ነው። ይህን ባሕርይ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ በመስኖ ኩሬ፣ በማሽላ ማሳና በመብራት ቆጣሪ ላይ ማየት ይቻላል።

🔹 ኩሬ
ለሽንኩርት መስኖ ውኃ የሚያጠራቅም፣ ወለሉ 100 ካሬ ሜትር የሆነ ኩሬ አለ እንበል። በቦይ በሰከንድ 5 ሊትር ይገባል፤ 3 ሊትር ወደ ማሳ ይወጣል። ልዩነቱ 2 ሊትር ስለሆነ ኩሬው በሰዓት 7.2 ሜትር ኩብ ያተርፋል፤ ከፍታውም 7.2 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። መግቢያውም መውጫውም ቢዘጋ ከፍታው ባለበት ይቆያል እንጂ ወደ ዜሮ አይመለስም። በቦዩ ያለው ውኃ ለአፍታ ቢበዛና ቢያንስም ከፍታው እምብዛም አይናወጥም፤ ኢንተግሬተር ፈጣን መዋዠቅን ያለሰልሳል።

🔹 ሰብል
ሰብል ሙቀትን ያጠራቅማል። በግብርና ሳይንስ ከየቀኑ አማካይ ሙቀት ዕድገት ከሚጀምርበት መነሻ በላይ ያለው ብቻ ይደመራል። መነሻው 10 ዲግሪ፣ ለመብሰል የሚያስፈልገው ድምር 1,600 ቢሆን፣ አማካዩ 26 ዲግሪ በሆነበት ቆላ ሰብሉ በ100 ቀን ይደርሳል፤ 20 ዲግሪ በሆነበት ወይና ደጋ ግን 160 ቀን ይፈልጋል። አንድ ዓይነት የማሽላ ዘር በቆላ ቀድሞ የሚደርስበት ዋና ምክንያት ይህ ነው።

🔹 ቆጣሪ
የመብራት ቆጣሪ ኃይልን በጊዜ ይደምራል። በአሮጌው ቆጣሪ ውስጥ ያለው ዲስክ የሚሽከረከርበት ፍጥነት ቤቱ ከሚወስደው ኃይል ጋር ይመጣጠናል፤ የዙሩ ብዛት ደግሞ የፍጆታው ድምር ነው። ባለ 100 ዋት አምፖል 10 ሰዓት ሲበራ 1 ኪሎዋት ሰዓት ይመዘገባል።

🔹 ካፓሲተርና ኦፕ አምፕ
በኤሌክትሮኒክስ የኩሬውን ሥራ የሚሠራው ካፓሲተር ነው። ከረንቱ የሚፈሰው ውኃ፣ ቮልቴጁ ከፍታው፣ ካፓሲታንሱ የወለሉ ስፋት ነው። በ100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር 1 ሚሊአምፒር ሳያቋርጥ ሲገባ ቮልቴጁ በየሰከንዱ 10 ቮልት ይጨምራል። በጥቅል ሽቦ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቮልቴጅ ተደምሮ ከረንት ይሆናል።

ካፓሲተርን በሬዚስተር ብቻ መሙላት ግን ትክክለኛ ድምር አይሰጥም። የካፓሲተሩ ቮልቴጅ ከፍ ባለ ቁጥር የሚገባው ከረንት እየቀነሰ ይሄዳል። ኦፕ አምፕ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ ማጉያ ይህን ያስተካክላል፦ ሬዚስተሩና ካፓሲተሩ የሚገናኙበትን ነጥብ በዜሮ ቮልት አካባቢ ስለሚይዘው፣ ከረንቱ በግቤቱ ቮልቴጅ ብቻ ይወሰናል። 100 ኪሎኦም ሬዚስተርና 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ቢገጠሙ የሁለቱ ብዜት 1 ሰከንድ ነው፤ 1 ቮልት ሲገባ ውጤቱ በየሰከንዱ 1 ቮልት ወደ ኔጌቲቭ ይወርዳል።

🔹 ፍሳሽ
ፍጹም ኢንተግሬተር በተግባር የለም። በቆላ ፀሐይ ኩሬው ይተናል፣ ወደ አፈርም ይሰርጋል፤ ካፓሲተርም ቀስ በቀስ ቻርጁን ያጣል። ፍሳሽ ግን ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። በኦፕ አምፑ ግቤት ላይ ያለች ትንሽ ስሕተት ሳታቋርጥ ስትደመር ውጤቱን እስከ ጣሪያው ትገፋዋለች። ስለዚህ ከካፓሲተሩ ጎን ትልቅ ሬዚስተር ይገጠማል፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ማፍሰሻ ነው። ይህ ሲሆን ሰርኪዩቱ ፈጣን ለውጦችን ይደምራል፣ የቆየውን ግን እየረሳ ይሄዳል።

በማንኛውም ኢንተግሬተር ለመጠቀም ሦስት ነገሮች መታወቅ አለባቸው፦ የመነሻው መጠን፣ የመጨመሪያው ፍጥነትና የፍሳሹ መጠን።