ዳንከን ለምን ደግ ንጉሥ ሆነ?

የሼክስፒርን «ማክቤዝ» ያነበበ ሰው ስለ ማክቤዝ፣ ስለ ሚስቱና ስለ ሦስቱ ጠንቋዮች ብዙ ይናገራል፤ ስለ ንጉሥ ዳንከን ግን እምብዛም አያነሣም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዳንከን በመድረክ ላይ የሚታየው በሦስት ትዕይንቶች ብቻ ነው፤ አንደኛው ገቢር ሳይዘጋ ከዓይናችን ይሰወራል፣ በሁለተኛው ገቢር ደግሞ በተኛበት፣ ተመልካች በማያየው ክፍል ውስጥ ይገደላል። ስለዚህ ብዙ አንባቢ፣ አንዳንድ አዘጋጅም ጭምር፣ ታሪኩ እንዲጀመር መሞት ያለበት አንድ ሽማግሌ አድርጎ ያልፈዋል። ይህ አነባበብ ተውኔቱን ይጎዳዋል ብዬ አምናለሁ። የዳንከን ደግነት ባይኖር «ማክቤዝ» የሥልጣን ሽሚያ ታሪክ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ትራጄዲ ያደረገው ገዳዩ ምንም ማመካኛ እንዳይኖረው መደረጉ ነው፤ ማመካኛውን ያሳጣው ደግሞ የንጉሡ ንጹሕነት ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ እንዳልሆነ ለማየት ሼክስፒር ታሪኩን ከየት እንዳገኘው መመልከት ይበቃል። ምንጩ ሁለተኛ እትሙ እ.ኤ.አ. በ1587 የወጣው የራፋኤል ሆሊንሸድ ዜና መዋዕል ነው። በሆሊንሸድ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ዳንከን ለስላሳ፣ ጥፋተኛን ለመቅጣት የሚያመነታ ንጉሥ ነው፤ በመንግሥቱ ላይ ዓመፅ የተነሣውም በዚህ ልልነቱ ምክንያት እንደሆነ ተጽፏል። ማክቤዝና ዳንከን የእህትማማች ልጆች ናቸው፤ ጸሐፊው የአንዱ ጭካኔ ከሌላው ገርነት ጋር ቢደባለቅ ኖሮ ጥሩ ንጉሥ ይወጣ ነበር የሚል አስተያየት ይሰጣል። ከዚህም በላይ ማክቤዝ እውነተኛ ቅሬታ አለው። በስኮትላንድ የቆየ ሕግ መሠረት የንጉሡ ልጅ ለመንገሥ ዕድሜው ካልደረሰ ዘውዱ ለቅርብ የሥጋ ዘመድ ይተላለፍ ነበር፤ ዳንከን ገና ልጅ የሆነውን ማልኮምን የከምበርላንድ ልዑል፣ ማለትም አልጋ ወራሽ፣ ብሎ ሲሾመው የማክቤዝን ተስፋ ዘጋበት። የማክቤዝ የጦር ባልደረባ ባንኮም የግድያው ሤራ ተካፋይ ነው። ማክቤዝ ከነገሠ በኋላም ለአሥር ዓመት ያህል በመልካም ሕግ እንዳስተዳደረ ተጽፏል። ከዜና መዋዕሉ ወጥተን ወደ እውነተኛው ታሪክ ብንሄድ ደግሞ ልዩነቱ የበለጠ ይሰፋል፤ ዳንከን እ.ኤ.አ. በ1040 በጦር ሜዳ የወደቀ ወጣት ንጉሥ ነበር፣ ማክቤዝም እስከ 1057 ድረስ ነግሧል።

ሼክስፒር ይህን ሁሉ ይዞ ምን አደረገ? ማክቤዝን ሊያጸድቅ የሚችለውን ነገር አንድ በአንድ አወጣው። የዳንከን ልልነት ጠፋ። የዘውድ መብቱ ክርክር ጠፋ፤ የማልኮም ሹመት በተውኔቱ ውስጥ ቢኖርም ማክቤዝ የሚያየው ሊዘልለው የሚገባ እንቅፋት አድርጎ ነው እንጂ የተነጠቀ መብት አድርጎ አይደለም። የአሥር ዓመቱ መልካም አስተዳደርም የለም። ግድያውንም ከዚያው መጽሐፍ ከሌላ ታሪክ አምጥቶ ተከለበት፤ ዶንዋልድ የሚባል ሹም በሚስቱ ግፊት ንጉሥ ደፍን በእንግድነት በተኛበት ቤት ያስገደለበትን ታሪክ። ይህ ምርጫ በጣም ያስደንቀኛል። ደራሲው አማራጭ አጥቶ አይደለም፤ የዳንከን ድክመትም የማክቤዝ ቅሬታም ፊቱ ተዘርግተው ነበር። አስቦበት ተዋቸው።

ውጤቱ በአንደኛው ገቢር መጨረሻ ላይ በማክቤዝ መነባንብ ውስጥ ይታያል። ንጉሡ በማዕድ ተቀምጧል፤ ማክቤዝ ብቻውን ወጥቶ ከራሱ ጋር ይሟገታል። ዘመዱ ነኝ ይላል፤ ሎሌው ነኝ ይላል፤ የቤቱ ጌታ እንደመሆኔ ገዳይ እንዳይገባበት በሩን መዝጋት የሚገባኝ እኔ ነኝ ይላል። እነዚህ ሦስቱ ለማንኛውም ንጉሥ ሊባሉ ይችላሉ፤ የሚያይለው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ዳንከን ሥልጣኑን በገርነት የያዘ፣ በንግሥናው ነውር ያልተገኘበት በመሆኑ በጎነቱ ራሱ እንደ መላእክት ጮኾ ይከስሰኛል ይላል። በመጨረሻም ከምኞት በቀር የሚገፋፋኝ ነገር የለም ብሎ ያምናል። ልብ በሉ፦ ለዳንከን ቅድስና ዋናው ምስክር ገዳዩ ነው፤ ያውም ማንም በማይሰማበት ሰዓት፣ ከመግደሉ በፊት። ለማታለል የሚናገርበት ሰው አጠገቡ የለም።

ይህን ከሼክስፒር ሌሎች ተውኔቶች ጋር ማነጻጸር ነገሩን ያጠራዋል። ብሩተስ ቄሣርን ሲገድል ምክንያት አለው፤ ሪፐብሊኩን ከአንድ ሰው አገዛዝ ማዳን። ቄሣር አምባገነን ይሆን ነበር ወይስ አይሆንም በሚለው ተመልካች እስከ ዛሬ ይከራከራል። በ«ዳግማዊ ሪቻርድ»ም ቦሊንግብሮክ በንጉሡ ላይ የተነሣው የአባቱን ርስት ስለነጠቀው ነው። በእነዚህ ሁለቱ ውስጥ የወደቀው ሰው ጥፋት ለክርክር በር ይከፍታል። በ«ማክቤዝ» ውስጥ ያ በር ዝግ ነው። አርስቶትል በ«ፖየቲክስ» ፍጹም ደግ የሆነ ሰው ከብልጽግና ወደ መከራ ሲወድቅ ማሳየት ርኅራኄንም ፍርሃትንም አያመጣም፣ የሚያስቆጣ ብቻ ይሆናል ብሎ ነበር። በዚህ መለኪያ ዳንከን የትራጄዲ ባለታሪክ ሊሆን አይችልም፤ አልሆነምም። ትራጄዲው ያለው ደጉን ሰው በሚገባ አውቆት፣ አክብሮት፣ እያወቀ በገደለው ሰው ውስጥ ነው። ማክቤዝ የበጎነትን ዋጋ የማያውቅ አውሬ ቢሆን ኖሮ ውድቀቱ አያሳዝነንም ነበር።

በዚህ ላይ የሚነሣው ትልቁ ተቃውሞ ዳንከን ደግ ሳይሆን ሞኝ ነው የሚለው ነው። ማስረጃውም ጠንካራ ነው። የኮዶር ሹም ከድቶታል፤ ንጉሡ የሰውን ልብ ከፊቱ ማንበብ የሚያስችል ጥበብ የለም፣ ፈጽሞ አምኜው ነበር ብሎ ሳይጨርስ ማክቤዝ ይገባል፤ እሱኑ ደግሞ በሙሉ ልቡ ያቅፈዋል። ሼክስፒር ይህን መገጣጠም ሆን ብሎ እንዳዘጋጀው አያጠራጥርም። ግን ሞኝነት ነው ለማለት ዳንከን ሌላ ምን ማድረግ ይችል እንደነበር ማሰብ ያስፈልጋል። የሹሙ ክህደት እንደተሰማ ሞት ፈርዶበታል፤ ስለዚህ ቅጣትን አይፈራም። ማክቤዝ ለንጉሡ ሲል ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ጀግና ነው፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በሥራው አንድም የሚያስጠረጥር ነገር የለም። ቋሚ ሠራዊት የሌለው፣ ኃይሉ በመኳንንቱ ታማኝነት ላይ የቆመ ንጉሥ ደግሞ ባለውለታውን ሁሉ እየተጠራጠረ መንግሥቱን አንድ ቀን ሊያቆም አይችልም። በግድያው ሌሊት እንኳ ለቤቱ አገልጋዮች ስጦታ አድሏል፣ ለእመቤት ማክቤዝም አልማዝ ልኮላታል። ያመነው ሰው ከዳው፤ በደሉ ያመነው ላይ ሳይሆን የከዳው ላይ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደኝ ሌላኛው ነጥብ ነው። የዳንከን ዙፋን የቆመው በሰይፍ ነው፤ ማክቤዝ ዓመፀኛውን እንዴት እንደተረተረውና ጭንቅላቱን እንደሰቀለው ሲነገረው ንጉሡ በደስታ ያመሰግናል። ይህ እውነት ነው፤ ልናለባብሰው አይገባም። ደግነቱ ከዘመኑ ደም የጸዳ አይደለም። ሆኖም ተውኔቱ ለዓመፅ መልስ በሚሰጥ ሰይፍና በተኛ እንግዳ ላይ በሚነሣ ጩቤ መካከል ልዩነት እንዳለ ያሳያል፤ ይህንንም ልዩነት ከማንም በላይ የሚያውቀው ማክቤዝ ነው፤ በጦር ሜዳ ያልተንቀጠቀጠ እጁ ከንጉሡ መኝታ ሲመለስ ይርዳል፣ አሜን ማለት እንኳ ያቅተዋል።

ሌሎች ደግሞ ነገሩን በፖለቲካ ይፈቱታል። ጄምስ ከስኮትላንድ መጥቶ በእንግሊዝ ዙፋን ላይ የተቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1603 ነው፤ የሼክስፒር የቴአትር ቡድንም በዚያው ዓመት የንጉሡ ቡድን ተባለ። በኅዳር 1605 ንጉሡን ከነምክር ቤቱ በባሩድ ለማጥፋት የተጠነሰሰ ሤራ ተያዘ፤ ተውኔቱም የተጻፈው በ1606 ገደማ ነው። ጄምስ ከባንኮ ዘር እወርዳለሁ ይል ነበር። እንግዲህ ባንኮ ከሤራው መጽዳቱና የንጉሥ ገዳይ መወገዙ ለቤተ መንግሥት የቀረበ እጅ መንሻ ነው ይላሉ። ስለ ባንኮ ይህን እቀበላለሁ። ስለ ዳንከን ግን አያስረዳም። ንጉሥን ለማስደሰት አንድ ባላባት ቆሞ ንግሥናን ቢያወድስ ይበቃ ነበር፤ ውዳሴውን በገዳዩ ሕሊና ውስጥ ማስቀመጥ የደራሲ እንጂ የደጅ ጠኚ ሥራ አይደለም።

ዳንከን ከሞተም በኋላ ሥራው አያልቅም። እመቤት ማክቤዝ ራሷ እንዳትገድለው የያዛት ተኝቶ ሳለ አባቷን መምሰሉ ነው፤ ያ ደም በኋላ እንቅልፏን ይነሣታል። ማክቤዝ ነግሦ ሳለ በመቃብሩ በሰላም በተኛው ዳንከን ይቀናል። ከሁሉ በላይ ግን በአራተኛው ገቢር በእንግሊዝ ምድር የሚሆነውን ማየት ነው። ወደዚያ የሸሸው ማልኮም ወደ አገሩ ሊጠራው የመጣውን ሹም ማክደፍን ይፈትነዋል፤ ሴሰኛ ነኝ፣ ስስታም ነኝ፣ ለንጉሥ ከሚገቡት በጎ ምግባራት አንዱም የለኝም ብሎ ፍትሕን፣ እውነትን፣ ምሕረትን፣ ትሕትናን፣ ትዕግሥትን ጨምሮ አሥራ ሁለቱን ይዘረዝራል። ማክደፍ ተስፋ ቆርጦ አባትህ እጅግ ቅዱስ ንጉሥ ነበር ብሎ ያለቅሳል። ይህ ትዕይንት ብዙ ጊዜ እንደ ረጅምና ደረቅ ተቆጥሮ ይቆረጣል፤ ለእኔ ግን የዳንከን ነገር የሚፈጸምበት ነው። ልጁ የአባቱን መለኪያ አልጣለም፤ አባቱ ያልነበረውን ጥንቃቄ ጨመረበት እንጂ። ሞኝ ነው ለሚሉትም ተውኔቱ ራሱ የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው፦ የጎደለው ጥንቃቄ ነበር፤ ደግነቱ ግን መቅረት የነበረበት ነገር አይደለም።

ጸጋዬ ገብረመድኅን «ማክቤዝ»ን ወደ አማርኛ ስለመለሰው ይህ ተውኔት ለእኛም መድረክ ባይተዋር አይደለም። ተመልካቻችን በመድረክ ላይ ንጉሥ ሲያይ እንደ ቴዎድሮስ ያለውን፣ ራሱ የትራጄዲው ባለቤት የሆነውን ኃይለኛ ሰው መጠበቅ ለምዷል፤ በዚህ የተነሣ ዝምተኛው ዳንከን ባዶ ሊመስል ይችላል። ይህን ተውኔት ለማዘጋጀት የምታስቡ ባለሙያዎች፣ ዳንከንን ከዘራ ተደግፎ የሚንገዳገድ የዋህ ሽማግሌ አታድርጉት። ተመልካች ሊያከብረውና ሊወደው ለሚችል፣ ልምድ ላለው ተዋናይ ስጡት፤ ሦስቱን ትዕይንቶችም አታሳጥሯቸው።