ለአየር ወለድ ሥልጠና የሚደረግ የአካልና የአእምሮ ዝግጅት

በአሜሪካ፣ ጆርጂያ፣ ፎርት ቤኒንግ የሚሰጠው መሠረታዊ የአየር ወለድ ሥልጠና ሦስት ሳምንት የሚፈጅ ሲሆን ሠልጣኙ በመጨረሻው ሳምንት አምስት ጊዜ ከአውሮፕላን ይዘላል። በጃንጥላ የሚወርድ ወታደር በሴኮንድ 6 ሜትር ገደማ ፍጥነት መሬት ስለሚነካ ቁርጭምጭሚቱ በቀላሉ ይጎዳል። ስለዚህ ሐኪሙ እጩውን አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሮጥ ሳይሆን ቁርጭምጭሚቱ ከዚህ ቀደም ወለም ብሎት እንደሆነ ነው፤ አንድ ጊዜ የተጎዳ መገጣጠሚያ ዳግም ለመጎዳት ቅርብ ነውና። እጩው ላለመቅረት ሲል ሊደብቀውም ይችላል። በአንድ እግር ሚዛን ጠብቆ የመቆምና የባትና የጭን ጡንቻን የማጠናከር ልምምድ ከወራት በፊት ቢጀመር ይመረጣል፤ ሩጫን በድንገት ማብዛት ግን አጥንትን ለስንጥቅ ያጋልጣል።

10 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የመለማመጃ ማማ ላይ ልብ ቢመታና እጅ ቢያልበው የተፈጥሮ ምላሽ እንጂ ሕመም አይደለም። እግርንና ጉልበትን ገጥሞ ማረፍ ሳያስቡት እስኪፈጸም መደጋገም ፍርሃቱን ያበርደዋል። ከልምምድ ውጭም እንቅልፍ የሚነሳው ከሆነ ግን ለብቻው ሊመረመር ይገባል።