የገዳሪፍ ዙሪያ፤ መልክዓ ምድሩና አስተዳደሩ

በምሥራቅ ሱዳን ከሚገኙት ታላላቅ ከተሞች አንዱ ገዳሪፍ ነው። ከካርቱም በስተ ደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል፤ ከኢትዮጵያ ድንበር ከገላባትና ከመተማ ደግሞ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በዚህ ጽሑፍ የሚገለጸው ከተማውን ከብቦ የሚኖረው ሕዝብ የሚገኝበት አገር አቀማመጥ፥ የሚተዳደርበትም ሥርዓት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአገሩ አቀማመጥ

የገዳሪፍ ክፍለ ሀገር በሰሜን ከከሰላና ከካርቱም፥ በምዕራብ ከጀዚራ፥ በደቡብ ከስናር፥ በምሥራቅ ከኢትዮጵያ ጋር ይዋሰናል። ስፋቱ ከ70 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በ2008 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በክፍለ ሀገሩ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን 300 ሺህ በላይ ነዋሪ ተገኝቷል።

ምድሩ በአብዛኛው ሜዳ ነው። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ሲሆን በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ግን ውሃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ መኪና ማለፍ ይቸግረዋል። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ በሰሜን በቡጣና በኩል ያንሳል፥ ወደ ደቡብ በተጓዙ መጠን ይበረክታል። ስለዚህም ሰሜኑ የከብትና የግመል አርቢዎች፥ መካከሉና ደቡቡ የገበሬዎች አገር ሆኗል።

ክፍለ ሀገሩን የሚያጠጡት ታላላቅ ወንዞች ሁሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርዱ ናቸው። በምሥራቅ በኩል በኢትዮጵያ ጓንግ የሚባለው አትባራ፥ ተከዜ የነበረውም ሰቲት ይፈሳሉ፤ በደቡብ ምዕራብ በኩል በላይኛው አገር ሽንፋ የሚባለው ረሃድ ይወርዳል። የገዳሪፍ ከተማ ግን ከእነዚህ ከአንዱም ዳር አይደለም። ከተማው የቆመው ከወንዝ በራቀ ከፍታ ላይ ነው፤ የከተማው ኑሮ ከዙሪያው ጋር የተሳሰረበት ዋና ምክንያትም ይህ ነው።

የከተማውና የዙሪያው አመጣጥ

ስፍራው ቀድሞ ሱቅ አቡ ሲን ይባል ነበር፤ ይኸውም የሹክሪያ ነገድ አለቆች በሆኑት በአቡ ሲን ቤተ ሰብ ስም የተጠራ ገበያ ማለት ነው። በ1929 ከከሰላ ተነሥቶ በገዳሪፍ በኩል ወደ ስናር የሚያልፈው የባቡር ሐዲድ በተፈጸመ ጊዜ ገበያው ወደ ከተማነት ተለወጠ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው የእንግሊዝ ሠራዊት ማሽላ ለማቅረብ በ1944 ገደማ በትራክተር ማረስ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ገዳሪፍ የሱዳን የማሽላና የሰሊጥ ጎተራ ሆኖ ይኖራል።

የትራክተር እርሻ በተለመደው አከፋፈል ለአንድ ገበሬ 1,000 ፈዳን ማለትም 420 ሄክታር ያህል ሆኖ ይሰጥ ነበር። በ1970 የወጣው ሕግ ያልተመዘገበውን መሬት ሁሉ የመንግሥት ስላደረገው መሬቱን የሚያከራየው መንግሥት ሆነ። ነገር ግን ከተፈቀደው ድንበር አልፎ የሚያርሰው እየበዛ በመሄዱ ዱሩ ተመነጠረ፥ የከብት መተላለፊያውም ጠበበ። አርቢውና ገበሬው በየዓመቱ የሚካሰሱበት ጉዳይ ከዚህ የመነጨ ነው። የአረምና የአጨዳ ሥራው ብዙ ክንድ ስለሚፈልግ ከሱዳን ልዩ ልዩ ክፍሎችና ከኢትዮጵያ ብዙ ሺህ ሠራተኞች ሲመጡ ኖረዋል።

ሕዝቡም በዚሁ መጠን ልዩ ልዩ ነው። ከሹክሪያ ሌላ ከምዕራብ ሱዳንና ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ እንደ መሳሊትና ሐውሳ ያሉ ነገዶች፥ እንዲሁም ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በከተማውም በገጠሩም ይኖራሉ።

አስተዳደሩ

ገዳሪፍ ለረዥም ዘመን የከሰላ ጠቅላይ ግዛት ክፍል ነበር። ሱዳን በ1991 በፌዴራል ሥርዓት ስትከፋፈል ዘጠኝ ክፍለ ሀገሮች ተቋቋሙ፤ በየካቲት ወር 1994 እነዚህ ወደ 26 ሲበዙ ገዳሪፍ ራሱን የቻለ ክፍለ ሀገር ሆነ። የበላዩ ሹም ዋሊ ይባላል። ከክፍለ ሀገሩ በታች ያለው አካል በዐረብኛ ማሕሊያ የሚባለው ወረዳ ነው፤ ክፍለ ሀገሩም በ12 ወረዳዎች ተመድቧል።

ከእነዚህ መካከል ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው የገዳሪፍ ከተማ ራሱ ነው፤ ከተማው እንደ አንድ ወረዳ ሆኖ በማዘጋጃ ቤት ይተዳደራል። ሁለተኛው ከተማውን ከብቦ የሚገኘው መካከለኛው ገዳሪፍ ነው፤ ይህ የራሱ ጽሕፈት ቤት ያለው ሌላ ወረዳ ነው። የተቀሩት ወረዳዎች እንደ ቡጣና፥ ፈሻጋ፥ ፋው፥ ረሃድ፥ ምሥራቅ ገላባትና ምዕራብ ገላባት ከዚህ ወዲያ ይዘረጋሉ።

ከመንግሥቱ መሥሪያ ቤት ጎን የነገድ አስተዳደር አለ። በመንደር ሼኽ፥ ከእርሱ በላይ ዑምዳ፥ ከሁሉ በላይ ናዚር ይገኛል። ይህ ሥርዓት በ1970 ገደማ በመንግሥት ትእዛዝ ሥልጣኑ ቢቀርም ኋላ ተመልሷል። የግጦሽና የድንበር ጠብ ከፍርድ ቤት በፊት ብዙውን ጊዜ የሚታየው በእነዚህ ሽማግሌዎች ዘንድ ነው።

የምሥራቁ ወሰን በግንቦት 15 ቀን 1902 በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል ላይ የተመሠረተ ነው። በፈሻጋ ያለው ለም መሬት ግን ለረዥም ጊዜ አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል፤ በ2020 መጨረሻ ላይም የሱዳን ሠራዊት ወደ ስፍራው ገብቷል።

የውሃውና የስደተኛው ጉዳይ

ከተማው ወንዝ ስለሌለው ውሃውን የሚያገኘው ከጉድጓዶችና ከአትባራ ዳር ከሸዋክ በቧንቧ ከሚመጣው ነው። የገጠሩ ሕዝብ ደግሞ ሐፊር በሚባሉት የተቆፈሩ ኩሬዎች የክረምቱን ውሃ አጠራቅሞ በበጋ ይጠጣል። በ2017 የተመረቀው የላይኛው አትባራና ሰቲት ግድብ ከመብራት ኃይልና ከመስኖ ሌላ ለከተማው ውሃ እንዲሰጥ የታሰበ ነው። ስለዚህ የከተማው ጥም የሚቆረጠው ከከተማው ወሰን ውጭ በሆነ ውሃ ነው፤ ቧንቧው የሚያልፍበት ገጠርም የድርሻው ባለቤት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ይህ ችግር የሚከብደው ስደተኛ በሚበዛበት ጊዜ ነው። ከድንበሩ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ኡም ራኩባ በ1984 በድርቅና በጦርነት የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን፥ ከእነርሱም መካከል ብዙ ቤተ እስራኤላውያን የተጠለሉበት ነበር፤ በዚያ በበሽታና በረኃብ ብዙ ሰው ሞቷል። ሰፈሩ ከተዘጋ በኋላ በኅዳር 2020 ከትግራይ ጦርነት ለሸሹ ሰዎች እንደ ገና ተከፈተ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻግረዋል። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2023 ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ከካርቱምና ከጀዚራ የተፈናቀሉ ሱዳናውያን በብዛት ወደ ገዳሪፍ መጥተዋል።

የስደተኛው ጉዳይ የሚመራው በማዕከላዊው መንግሥት የስደተኞች ኮሚሽንና በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ነው። ስደተኛው የሚቀዳው ውሃ፥ የሚለቅመው ማገዶና የሚገዛው እህል ግን የወረዳው ነው። በየመንደሩ የሚነሣው ቅሬታም መጀመሪያ የሚደርሰው በሼኹና በወረዳው ሹም ደጅ ነው። እንግዲህ የከተማው፥ የዙሪያው ወረዳና የኮሚሽኑ ሹማምንት ስለ ጉድጓድ፥ ስለ ማገዶና ስለ መንገድ በየበኩላቸው ከሚወስኑ ይልቅ አስቀድመው አብረው ቢመክሩ፥ ነዋሪውም መጤውም በአንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ከመጣላት ይድናሉ።